በጀርባው የሚገባ ሰው

ባለቃሬዛው በር የሚከፍተው በጀርባው ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ይላል፣ ወገቡን አስደግፎ ይገፋል፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ የሌለ ነገር እየጎተተ ወደ ኋላው ይገባል። ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው ዞሮ ሰው ሰላም የሚለው። ሆስፒታል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃሬዛ ሲገፋ የኖረ ሰው ነው። እጁ ሁልጊዜ የታመመ ሰው ስለያዘ፣ በር መክፈት የጀርባው ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ቤቱም የሚገባው እንዲሁ ነው። ልብስ ሰፊ ሚስቱ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሣ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣህልኝ?» ትለዋለች። ይህ ቀልድ በዕድሜ ከትዳራቸው ብዙም አያንስም። እሱም በየቀኑ አንድ በሽተኛ ይፈጥርላታል። «ጥርሱን ያመመው ዳኛ ነው፤ ቀስ ብለሽ አናግሪው።» «እግሩን የሰበረ ዘፋኝ ነው፤ ድምፁ ግን ደህና ነው።» እሷም ለዳኛውም ለዘፋኙም ወንበር ታስጠጋለች፤ የሚቀመጥበት ግን ባሏ ነው።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላው የነርስ ተማሪ ሆነ። ጥፋቱ የሲስተር ነው። ሲስተር የቀዶ ሕክምና ዋርድ ኃላፊ ናት፤ ሰው ስታመሰግን የምትቆጣ ይመስላል። አንድ ቀን ባለቃሬዛው በሽተኛ እየገፋ መጥቶ፣ «ሲስተር፣ የዚህ ሰውዬ ግሉኮስ ፈጥኗል» አላት። አየችው። እውነትም ፈጥኗል። ነርሷም ሐኪሙም አጠገቡ ቆመው አላዩትም።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«በእግሬ።»

«በእግርህ?»

«በደህናው ጊዜ በሁለት ጠብታ ሦስት እርምጃ ነው የምሄደው። ዛሬ ጠብታው ቀደመኝ።»

ሲስተር ጠብታውን አስተካከለችና፣ «ሂድና ተማር» አለችው። «ካልሄድክ ቃሬዛው ላይ አስተኝቼህ ራሴ ነኝ ገፍቼ የማስመዘግብህ።»

ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ፣ ከሰዓት በኋላ ቃሬዛ ሆነ። የሥራ ባልደረቦቹ «ዶክተር ቃሬዛ» እያሉ ያሾፉበት ጀመር፤ እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሰውነት ክፍሎችን አለፈ። የቁስል አጠባበቅን አለፈ፤ እንዲያውም መምህሩን ፋሻ አጠቃለል አስተማራቸው። ከዚያ የመድኃኒት ስሌት መጣና እንደ ግድግዳ ፊቱ ቆመ።

የመድኃኒት ስሌት ፈተና ሃያ ጥያቄ ነው። ለማለፍ አሥራ ስምንት ማግኘት ግድ ነው፤ የመድኃኒት ነገር «ለጥቂት ሳትኩት» አይባልበትምና። አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ ብቻ ይፈተናል። ባለቃሬዛው መጀመሪያ አሥራ አንድ፣ ቀጥሎ አሥራ አራት አገኘ። ሦስተኛውን ከወደቀ የኮሌጁን መታወቂያ መልሶ ይሰናበታል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ለሚስቱ ነገራት። መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣችና፣ «ቃሬዛው የትም አይሄድብህም» አለችው። «እኔ የምፈራው ኩርፊያህን ነው። ባለፈው አሥራ አራት ያገኘህ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ በሽተኛ ሳታመጣልኝ ብቻህን ገባህ።»

ስለዚህ ወደ ማስጠኛ ክፍሉ ሄደ።

ማስጠኛ ክፍሉ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስምንት ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት ወንበር አለ። ትምህርቱን አንዴ ያለፈ ተማሪ ያላለፈውን ያስጠናል። ክፍሉን የምትመራው አስተባባሪ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ጥናቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አስጠኚውንም አጥኚውንም ሰብስባ ደንቡን ነገረቻቸው።

«አስጠኚ መልስ አይናገርም። እስክሪብቶ አይነካም። ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል። እጁ የሚበላው አስጠኚ ካለ እጁ ላይ ይቀመጥበት።»

በበሩ ላይ ደግሞ በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት ለጥፋለች። «አስጠኚዎች በመስኮቱ በኩል፣ አጥኚዎች በበሩ በኩል ይቀመጡ» ይላል። ሁሉም ሲገባ ያነበዋል። ባለቃሬዛው ግን በጀርባው ነው የገባው። አራተኛ ጠረጴዛ እንደ ደረሰው ያውቃል፣ ዓይኑ ትንሽ ደከም ስላለ ብርሃን ይፈልጋል፣ ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሽበቱ በፀሐይ አበራ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለከለከች መጣች። የክፍል ጓደኞቿ ጥድፊያ ይሏታል። ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ማካፈል የምትጀምር፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የምትወጣ ልጅ ናት። እሷም የመድኃኒት ስሌትን ሁለቴ ወድቃለች። በሩ ላይ ያለውን አንብባ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠውን ባለ ሽበት ሰው አየች፤ እፎይ አለችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ባለቃሬዛው ደግሞ የተነገረው፣ «አስጠኚዎቻችን ወጣቶች ናቸው፤ ልጆቼ ይሆናሉ ብለህ እንዳታፍር» የሚል ነበር። ወጣት መጣች። እሱም እፎይ አለ።

«ጋሼ፣ አስጠበቅሁዎት?»

«ኧረ ምንም አይደል፤ እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት።»

«ከየት እንጀምር?»

ባለቃሬዛው በልቡ፣ ይኸው፣ መጠየቅ ጀመረች አለ። «ደስ ካለሽ ቦታ።»

ጥድፊያም በልቧ፣ ይኸው፣ መልስ አይሰጥም አለች። «እርስዎ ደስ ካለዎት ቦታ።»

እስክሪብቶው በመካከላቸው ተኝቷል። «ያዢው እንጂ» አላት። «ኧረ እርስዎ ይያዙት» አለችው። «አይሆንም፣ አንቺ።» «ጋሼ ይሙቱ፣ አልይዝም።» አጠገባቸው ሦስተኛ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ሥራቸውን ትተው ያይዋቸው ጀመር። በመጨረሻ አንድ መስመር እሱ፣ አንድ መስመር እሷ እንዲጽፉ ተስማሙ። ባለቃሬዛው፣ ዕድሜዬን አክብራ ነው ደንብ የምትጥሰው ብሎ አሰበ። ጥድፊያ፣ ጀማሪ መሆኔን አይቶ ነው የሚያግዘኝ አለች።

እውነተኛው አስጠኚያቸውስ? ሃያ ከሃያ የሚባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ይህን ፈተና አንድ ሳይስት ያለፈ እሱ ብቻ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ አራተኛው ጠረጴዛ ሞልቷል። በአስጠኚው ወንበር ላይ ትልቅ ሰው፣ በአጥኚው ወንበር ላይ ልጅ። ሰው ተተክቶልኛል ብሎ ደስ አለውና፣ ስሙ ፊርማ መቆጣጠሪያው ላይ ስላለ ፈርሞ ኳስ ሊያይ ሄደ። በየሳምንቱም እየመጣ ይፈርማል፣ ጠረጴዛው ተይዞ ያገኘዋል፣ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር። አምስት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ውስጥ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ። ለአንድ ሕፃን መቶ ሚሊ ግራም ታዟል። ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጠው?

ጥድፊያ ሁለት መቶ ሃምሳን ለመቶ አካፈለች፣ በአምስት አባዛች፣ «አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት» አለች፤ ይህን ሁሉ ስትሠራ ባለቃሬዛው ገና ጥያቄውን እያነበበ ነበር።

«ለሕፃኑ?» አላት።

«አዎ።»

«አምስቱ ውስጥ ሁለት መቶ ሃምሳ አለ አይደል? እኛ የምንፈልገው መቶ ነው። ታዲያ ከአምስቱም በላይ የምንቀዳው ለማን ነው? ለአያቱም ጭምር ነው?»

ጥድፊያ ሳቋ አመለጣት። ልጅቷ በሕይወቷ ሙሉ በቁጥር ተጨንቃ ታውቃለች እንጂ ስቃበት አታውቅም። መቶን ለሁለት መቶ ሃምሳ ስታካፍል ግን እሱ እጁን አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ። ይህቺን ማካፈል አሳይኝማ።» ባለቃሬዛው ትንሹ ቁጥር ለትልቁ ሲካፈል ሁልጊዜ ይጠፋበታል፤ አሥራ አንድ ያገኘውም አሥራ አራት ያገኘውም በዚህ ነው። ጥድፊያ፣ አውቆ ነው፣ እንዳስረዳው ነው የፈለገው ብላ፣ ዜሮዋን አስቀድማ፣ ነጥቧን አስከትላ፣ ቀስ ብላ አሳየችው። ቀስ ብላ ስትሠራ ራሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። ሁለት ሚሊ ሊትር ሆነ።

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። እሱ ሲሳሳት፣ ጥድፊያ ሆን ብሎ እየፈተነኝ ነው ትልና በኩራት ታርመዋለች። እሷ ሲጨንቃት፣ «ከዚያስ ጋሼ?» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ አስጠኚዬ ጠየቀችኝ ብሎ አናቱ እስኪሰነጠቅ ያስባል። ግሉኮሱ የመጣ ዕለት ነገሩ ለየለት። አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር በስምንት ሰዓት ያልቃል፤ አንዱ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ነው፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ? ጥድፊያ በአንድ ትንፋሽ፣ «ሁለት ሺህ አምስት መቶ» አለች።

«ይሄ ጠብታ አይደለም፤ ይሄ የተሰበረ ቧንቧ ነው» አላት። «ተነሺ።»

ተነሡ። ባለቃሬዛው የሌለ ቃሬዛ ያዘና በጠረጴዛዎቹ መካከል መግፋት ጀመረ፤ ጥድፊያ ጎኑ ሆና የሌለ ግሉኮስ ከፍ አድርጋ ይዛለች። «ጠብ፣ ጠብ፣ አንድ ሁለት ሦስት። ጠብ፣ ጠብ፣ አንድ ሁለት ሦስት። አሁን በደቂቃ ስንት ይመስልሻል?»

«አርባ ምናምን።»

«ሂጂና ስሌቱን ጠይቂው።»

ስምንቱ ሰዓት ወደ ደቂቃ ሲለወጥ አርባ ሁለት ሆነ። ስምንት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ያያል። አንዱ አስጠኚ በአጥኚው፣ «እኛ ለምን እንዲህ አንማርም?» ሲባል ተሰምቷል።

በዚህ ዓይነት ስድስት ሳምንት ሄደ። ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው አስተባባሪዋ የአስተያየት ቅጽ ይዛ በየጠረጴዛው ዞረች፤ ለአስጠኚ ሰማያዊ፣ ለአጥኚ ነጭ። አራተኛው ጠረጴዛ ጋ ደረሰች።

«እዚህ አስጠኚው ማነው?»

የጥድፊያ ጣት ወደ ባለቃሬዛው ተዘረጋ። የባለቃሬዛው ጣት ትንሽ ዘግይቶ ወደ ጥድፊያ ተዘረጋ።

አስተባባሪዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። «እንደገና እንሞክረው። አስጠኚ?»

ጣቶቹ ባሉበት ናቸው።

«ጋሼ፣ አይቀልዱ» አለች ጥድፊያ።

ባለቃሬዛው ጣራውን ያይ ጀመር።

ዝርዝሩ ወጣ። በስህተት ሁለት አጥኚ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተመድበዋል፤ የሁለቱም ስም ያለው ከአጥኚዎቹ ጋር ነው። ጥድፊያ ዝርዝሩን አይታ፣ እሱን አይታ፣ ደብተሩን አየች። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ማንም አላስጠናንም ማለት ነው?» አለች። «የሠራነው ሁሉ ስህተት ቢሆንስ? ጋሼ፣ የመጨረሻዬ እኮ ነው።»

«የእኔም» አለ ባለቃሬዛው።

ሃያ ከሃያ ተጠራ። «ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር» አለ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር ስላጣ። አስተባባሪዋ ደብተሩን ሰጠችውና እዚያው ቆሞ እንዲያርም አዘዘችው። ስድሳ ሦስት ጥያቄ ነበረበት። ልጁ ገጹን ይገልጣል፣ ይገልጣል፣ ግንባሩን ያካል። ሁለት ብቻ ነው የተሳሳተው።

«ማን ነው ያስጠናችሁ?» አለ ሳያስበው።

ጥድፊያ ደብተሩን ነጥቃ ሁለቱን ስህተቶች አየች። አንዱ እሷ ጉንፋን ይዟት የቀረች ቀን እሱ ብቻውን የሠራው ነው። ሌላው እሱን አስቸኳይ በሽተኛ አስቀርቶት እሷ ብቻዋን የሠራችው ነው። ሁለቱም ይህን አዩ። ፈተና ላይ ለብቻ ነው የሚቀመጡት።

አስተባባሪዋ የቀረውን ሳምንት ሃያ ከሃያ እንዲያስጠናቸው ወሰነች። ልጁ ጥፋቱን ሊክስ ቆርጦ መጣ፤ እስክሪብቶውን ያዘ፣ አልለቀቀም። ሦስት ገጽ በአሥር ደቂቃ ሞላና፣ «ግልጽ ነው አይደል?» አላቸው። «በጣም» አሉት ሁለቱም፤ አንድም መስመር አልገባቸውም። በሁለተኛው ቀን ባለቃሬዛው የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገና፣ «የኔ ልጅ፣ አንተ የምትሄድበት መንገድ ጥሩ አስፋልት ነው፤ እኛ ግን በእግራችን ነው የለመድነው» አለው። ሃያ ከሃያ አልተቀየመም። አጠገባቸው ተቀምጦ ሲሠሩ ማየት ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን እጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የፈተናው ጠዋት ባለቃሬዛው አዳራሹ ውስጥ በጀርባው ገባ። ፈታኙ፣ «ቃሬዛ ማስገባት ክልክል ነው» አለው፤ ከሲስተር ዋርድ የመጣ ፈታኝ ነበር። ጥድፊያ አምስት ረድፍ ወደፊት ተቀምጣለች። ጀርባዋና ግማሽ ጉንጯ ይታየዋል።

አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ግሉኮስ ነበር። ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር፣ በአምስት ሰዓት፣ ሃያ ጠብታ በሚሊ ሊትር። ባለቃሬዛው ሠራ፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ወጣለት። ደግሞ ሠራ፤ ያው ነው። ጆሮው ላይ፣ «ከዚያስ ጋሼ?» የሚል መጣበት። እግሩ ከወንበሩ ሥር ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት።

«ወዴት ነው?» አለ ፈታኙ ጠጋ ብሎ።

«የትም። በሽተኛ ላደርስ ነው።»

ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ለወጠው። አርባ። ቀና ሲል፣ አምስት ረድፍ ወደፊት፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የምትወጣው ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አንዱን ጥያቄ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ታነባለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከጎን ታየው። «ለአያቱም ጭምር ነው?» የምትል መሰለው።

ውጤቱ ከሁለት ቀን በኋላ መስታወት ላይ ተለጠፈ። ጥድፊያ አሥራ ዘጠኝ። ባለቃሬዛው አሥራ ስምንት፤ አንዲትም ትርፍ የለውም። ጥድፊያ እሱን ፍለጋ ሆስፒታሉ ድረስ መጥታ፣ ሊፍት ውስጥ በሽተኛ እየገፋ አገኘችው። ደስታዋን ስትነግረው አራተኛ ፎቅ ደረሱ፤ በሽተኛው፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ግን እኔ የምወርደው ሁለተኛ ነበር» አለ።

አስተባባሪዋ ሁለት ሰማያዊ ቅጽ አምጥታ፣ እያንዳንዳቸው ስለ አጥኚያቸው አስተያየት እንዲሞሉ አደረገች፤ ሁለቱም የአስጠኚ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ሃያ ከሃያ ስድስት ሳምንት በሌለበት ስለፈረመ፣ ተርም ሙሉ የክፍሉን ወንበሮች እንዲያስተካክል ተፈረደበት።

ባለቃሬዛው ቤቱ በጀርባው ገባ። የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣህልኝ?»

«ነርስ» አላት። «ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ወንበር ስጪው።»

ባለቃሬዛው ታሪኩ እስከዚህ እንዲጻፍ ፈቅዷል። አንዲት ማክሰኞ ግን ትቅር ብሎ ነበር። «ያቺን ተያት» ነው ያለው። «ሰው አዋቂ ነው ብሎ ሲያየኝ ደስ አለኝ ማለት ለትልቅ ሰው ያሳፍራል።»

ሦስተኛው ሳምንት ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ የማስጠኛ ክፍሉን ወለል አጥባ በሩን በወንበር ደግፋ ከፍታዋለች። «ቆም በል፤ ይድረቅ» አለችው። የሚገፋው በር ስላልነበረ ፊት ለፊት ቆመ። ከወረቀቱ ሌላ የሚያነበው ነገር አልነበረም። አነበበው። አስጠኚዎች በመስኮቱ በኩል። የራሱን ወንበር አየ። ጥድፊያን አየ።

ያን ቀን ቀድማው መጥታለች። የሱን ወንበር በመሐረቧ ጠርጋለች፣ እስክሪብቶውን መሐል ላይ አስተካክላለች፣ ለሦስተኛው ጠረጴዛ ልጅ ታወራለች። «የኔ አስጠኚ አይስቅብኝም» ትላለች። «ሁሉንም ያውቃል፤ ግን እንደማያውቅ ሆኖ አብሮኝ ይጨነቃል።»

ባለቃሬዛው ወደ አስተባባሪዋ ቢሮ ደረጃውን ወረደ። ቢናገር እውነተኛ አስጠኚ ይሰጡታል፤ ፈተናው የመጨረሻው ነው፤ ቀልድ አይደለም። የቢሮው በር ጋ ደርሶ እጁን ለማንኳኳት አነሣ። ሳያንኳኳ መልሶ አወረደው። ከዚያ ደረጃውን ተመልሶ ወጣ።

«ደርቋል፣ ግባ» አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ።

በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነበር። ቢሆንም ዞረ፣ እጁን ወደፊት ዘረጋ፣ እንደ ልማዱም በጀርባው ገባ።